እትዬ አንጓች የጸለዩለት ጢማም

ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን ነግሬያለሁ። በጾም ወተት መቅመሴን ነግሬያለሁ። ባሌን በልቤ የረገምኩበትን ቀን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ፤ በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ ሲነገር አንገት ያስደፋል፤ ይህኛው ግን ገና ስጀምረው ፈገግ ያሰኘኛል። ፈገግ እያሉ ንስሐ ይገባል? ካህን ፊት ተንበርክኬ ብስቅስ? ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም አብሮኝ አረጀ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ከሳቅሁ ታገሱኝ፣ ከሳቃችሁም አልቀየምም፤ ብቻ መጨረሻውን ሳትሰሙ ይቅር አትበሉኝ።

የሻረግ እባላለሁ። ጣሊያን መተማን ይዞ፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ ትንሽ ጋብ ብሎ፣ ገበያው እንደገና መቆም ሲጀምር እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ከነጋዴዎች ጋር ግመል እየነዳ ገዳሪፍ ይመላለሳል፤ ሲሄድ ይቆያል፣ ሲመጣ ደግሞ ሳልጠግበው ይሄዳል። ደገኛ ነኝ፤ ከጭልጋ ወዲያ ወርጄ ነው ቆላ የገባሁት። ከአንዲት ጎረቤቴ በቀር የሚያውቀኝ፣ የማውቀውም ሰው አልነበረም።

ጎረቤቴ እትዬ አንጓች ናቸው። ባላቸው ሰሊጥ እዘራለሁ ብለው ከደጋ ይዘዋቸው ወረዱ፤ በዓመቱ ወባ ገደላቸው። ልጅ አልነበራቸውም። የነበራቸው ዶሮ ነው። ከአገራቸው በቅርጫት ተሸክመው ያወረዷቸው ዶሮዎች ተራብተው ግቢውን ሞልተውታል። ከሁሉም አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻቸው፣ እንደ ሰው የሚያዋሯት። ስታስካካ፣ «ሰማሁሽ፣ ወልደሻል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል።

አንዲት ሴት ብቻዋን ስንት እንቁላል ትበላለች? ያውም የምትጾም ሴት። ሰው ይጾማል እንጂ ዶሮ ጾም አታውቅም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት የሸክላ ዚር ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እየተቀበረ ይከማቻል። ለጎረቤት እንዳይሰጡት ጎረቤቱም ጾመኛ ነው። የቆላ ሙቀት ደግሞ ምሕረት የለውም። «የሻረግ፣ እግዜር የሰጠው ሊበሰብስ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። እኔም ገበያ አጠገብ ለበዓልና ለሠርግ ብስኩት የሚጋግሩ ሴቶች እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር፣ ልሞክርልዎት ብዬ ቅርጫቱን ተሸክሜ ሄድኩ።

ሲት ነፊሳን ያገኘኋት እንዲህ ነው። ሲት ማለት በእነሱ አፍ እመቤት እንደማለት ነው፤ በዕድሜ ግን ከኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። ባሏ ስኳርና ጨርቅ ከሱዳን እያስመጣ ይሸጣል። በግቢዋ ጥግ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ሆዱ ያበጠ ፉርኖ፣ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ፣ ነበራት። ፉርኖው የሷ ይሁን እንጂ ጋጋሪው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነው። እስላሟም ክርስቲያኗም ዱቄቷን ይዛ ትመጣለች፤ የታዘዘችውን እዚያው ጋግራ ትሸጣለች። ከዕክ የሚሉት ምላስ ላይ የሚሟሟ ቅቤያም ብስኩት ይጋገራል። አስኳል በዶሮ ላባ ተቀብቶ፣ ሰሊጥ ተነስንሶበት፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ዳቦ ይጋገራል።

ሲት ነፊሳ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው። የተበላሸ ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። የእትዬ አንጓች እንቁላል አንዱም ሳይንሳፈፍ ሁሉም እንደ ጠጠር ሰመጠ። አንዱን ሰበረችና አስኳሉን አይታ ሌሎቹን ሴቶች ጠራች፤ እንደ ብርቱካን የቀላ ነበር። ዶሮሽን ምን እየቀለብሻት ነው ብላ ጠየቀችኝ። «ዶሮዎቹ የኔ አይደሉም» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን «ማሽላና የወደቀ ሰሊጥ» አልኩ። እነዚያ ሁሉ ሴቶች አተኩረው እያዩኝ ነበር። እኔን ያን ያህል አተኩሮ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ፉርኖ ሰው ሆንኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዛሬም የተጋገረ ቅቤ ሲሸተኝ ያ ግቢ ፊቴ ይመጣል። ሊጥ ያልነካው ፊት አልነበረም። አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ እሳቱን እየቆሰቆሰች የአማቷን ነገር ታወራለች። በዐቢይ ጾም እኔ መቅመስ ስለማልችል ሲት ነፊሳ ፊት ለፊቴ ቆማ እየበላች ጣዕሙን ትተርክልኛለች፤ አሁን ቅቤው መጣ፣ አሁን ስኳሩ ደረሰ እያለች። በረመዳን ተራው ይዞራል፤ እነሱ ጾመው እኔ እቀምሳለሁ። ስኳሩ አንሷል፣ ጨው ረስታችኋል እላለሁ፤ በእኔ ምላስ አምነው ለዒድ ይጋግራሉ። የፋሲካ ዕለት ሙሉ ጾሙን ያልቀመስኩትን ሁሉ በሰፌድ ቆልለው አቆዩኝ። ያን ዕለት እያለቀስኩ በላሁ፤ እነሱም እያዩኝ ሳቁ። አገሩ ተይዟል፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው፤ እኔ ደስ ብሎኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ስመለስ የእንቁላሉን ዋጋ ለእትዬ አንጓች አስረክባለሁ፤ ድርሻዬን ራሳቸው ቆርጠው ይሰጡኛል። በዚያ በኩል እጄ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልደበቅሁም። ከገንዘቡ በላይ ግን ወሬውን ይወዱ ነበር። ማን ምን አለች፣ ዳቦው እንዴት ነፋ፣ ሠርጉ የማን ነው ይሉኛል። እኔም የሴቶቹን ድምፅ እያስመሰልኩ አወራላቸዋለሁ፤ እሳቸው በሳቅ ይንከተከታሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው በኔ ወሬ ነው።

አንድ ምሽት ታዲያ ሳቃቸውን ጠረጉና «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ያን ፉርኖ በዓይኔ ልየው» አሉኝ።

እትዬ አንጓች በአገራቸው ሠርግ ሲደገስ ለዳቦ የሚጠሩ፣ ባለ እጅ ሴት ናቸው። ታየኝ እኮ! ሲገቡ፣ ዶሮዎቹ የሳቸው መሆናቸው ሲታወቅ፣ እጃቸውን አጥበው ሊጡን ሲነኩት፣ ሴቶቹ ሁሉ ከበው ሲያዩአቸው። እኔስ ያኔ ማን ነኝ? ባዶ ቅርጫት የተሸከመች የሰው ሚስት። ከእሳቸው እንቁላል አልፈለግሁም፣ ገንዘብ አልፈለግሁም። የፈለግሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ያለችኝን የመቆሚያ ቦታ ነው። ለዚያች ቦታ ብዬ ዋሸሁ።

«እትዬ፣ ተዉት» አልኳቸው። «ሰሞኑን ወደ ገበያው መግቢያ ካለው ኬላ ላይ አንድ ጢማም ወታደር መጥቷል። ቅርጫት የያዘች ትልቅ ሴት ካየ ያስቆማታል፤ ዶሮሽ የት ነው ብሎ እየገረፈ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። እኔን ልጅ ናት ብሎ ያሳልፈኛል። እርስዎን ግን አያልፍዎትም።»

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? ወታደሮቹ ደጎች ነበሩ እያልኩ አይደለም፤ የሠሩትን ያየ አይቶታል፣ ያለቀሰም አልቅሷል። ውሸቴን የሚያከብደው ይኸው ነው። እሳቸው ልብ ውስጥ እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ እኔ በዚያ ላይ የራሴን ጨመርኩበት። በዚያ ኬላ በኩል ሴቱ ሁሉ እንቁላሉንም ወተቱንም ይዞ ያልፍ ነበር። እንደ ነገርኳቸው ያለ ጢማም አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ከፈጠርኩትም በኋላ አሳደግሁት። በየጊዜው ስለሱ ይጠይቁኛል፤ እኔም ባዶ እጄን ላለመግባት አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ይውጣል አልኩ። እንቁላል አነፍንፎ የሚያገኝ ውሻ አለው አልኩ። ጢሙ ደረቱ ድረስ ነው አልኩ። ስናገረው ራሴን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንም ልናዘዝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያባረሩ ቤት ያስገባሉ። ገብስማዋን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እሷ ብቻ ጭንቅላቷን አውጥታ ታየኛለች። ወደ ቤቴ ሮጬ ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አያችሁ? ይህን ነው ለካህን መናገር ያቃተኝ።

አንድ ጧት ደግሞ ሲጸልዩ በአጥሩ በኩል ሰማኋቸው። ለባላቸው ነፍስ ጸለዩ። ለአገራቸው ጸለዩ። ለኔና ለባሌ ጸለዩ። ከዚያ፣ «ያንንም ጢማም፣ እመቤቴ፣ እናት ይኖረዋልና ልብ ስጪው» አሉ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ልነግራቸው ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። ፉርኖው ይጠብቀኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ከተማ ለከተማ ስስቅ፣ እትዬ አንጓች ከቤተ ክርስቲያንና ከግቢያቸው በቀር የትም አልረገጡም።

በሁለተኛው ክረምት መውጫ ወባ ያዘኝ። ባሌ ገዳሪፍ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ እርሻ ወርዷል። እትዬ አንጓች ከራስጌዬ ሳይነሡ ውሃ እያጠጡ፣ ጨርቅ እያራሱ ቆዩ። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ኪኒን ከሲት ነፊሳ ባል ሱቅ እንደማይጠፋ ከኔው ወሬ አስታወሱ። የሚላክ ሰው ፈለጉ፤ አጡ።

ጠራራ ፀሐይ ላይ ነጠላቸውን ሲያጣፉ አየሁ። ከአሸዋው ውስጥ ትልልቁን እንቁላል እየመረጡ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ይህ ለጢማሙ ነው። ቢመታኝም እንቁላሉን ወስዶ ያሳልፈኛል። አንቺ አይዞሽ» አሉኝ።

ኃጢአቴ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የልጅነት ቅናት ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። በዚህ ሰዓት ግን ጢማም የሚባል ሰው የለም ማለት እችል ነበር። ትኩሳቱ አንደበቴን ይዞት ነበር እንዳልል፣ ውሃ ለምኜአቸዋለሁ፤ ቀድተው ሰጥተውኛል፤ ጠጥቼ እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ። መናገር እችል ነበር። ዱላ ይጠብቀኛል ብለው ስለ እኔ ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ። እኔ ዝም አልኩ። ለምን? ውሸታም መባልን ፈርቼ። እሳቸው ጅራፍ ፈርተው ወጡ፤ እኔ እፍረት ፈርቼ ተኛሁ።

የሄዱበት ጊዜ ዕድሜ ያህል ረዘመብኝ። መሬት ተከፍተሽ ዋጪኝ ብዬ ተማጸንኩ። በመጨረሻ የእግራቸውን ኮቴ ስሰማ ፈጣን ነበር፣ የልጃገረድ ኮቴ። ገቡ። ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ነጠላቸው ወደ ኋላ ተንሸራትቷል፣ ዓይናቸው ያበራል።

«የሻረግ፣ አገኘሁት። ጢማሙን አገኘሁት» አሉ።

ኬላው ጥላ ሥር አንድ ጢም ያለው ወታደር ተቀምጦ ጫማውን ይሰፋ ነበር አሉኝ። እሳቸው እሱ ነው ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ቅርጫቱን ዘረጉለት። የሚመጣውን ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰውዬው ግራ ገብቶት ያያቸዋል። በማያውቁት ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንድ እንቁላል አንሥቶ በፀሐይ አየና መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ በእጁ እለፉ አላቸው። ከቅርጫቱ አንድም አልጎደለም።

«ውሻው እንኳ አልነበረም» አሉ፤ እንባቸውና ሳቃቸው ተቀላቀለ። «ልብ ስጪው ብዬ ለምኜ ነበር፤ ሰጠችው። የኔን የባልቴቷን ጸሎት ሰማች፣ የሻረግ።»

ኪኒኑን በእጃቸው አጎረሱኝ። መራራ ነበር።

በማግስቱ ሲት ነፊሳ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ። እትዬ አንጓች ለሷም ለፉርኖው ሴቶችም ስለ ጢማሙ ተአምር ነግረው ኖሯል። እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። እንዲህ ያለ ጢማም እዚህ አገር አላየሁም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «ለኔ አትንገሪኝ። ለሳቸው ንገሪያቸው» አለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

ስድን እትዬ አንጓች ቅርጫቱን ራሳቸው ተሸከሙ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። የዚያን ዕለቱን ፉርኖ እንዴት እረሳዋለሁ! ሴቶቹ የዶሮዎቹን እመቤት ያን የወባዬን ቀን አውቀዋቸዋል፤ ማንም እኔን አልወቀሰኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። እትዬ አንጓች እጃቸውን ታጥበው ሊጡን ገና ሲነኩት ያዘዙት ያህል ነፋ። የደጋውን አደራረግ ከሱዳኑ ጋር ቀላቅለው፣ አስኳሉን አብዝተው፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምረው አንድ ዳቦ አወጡ፤ ሲት ነፊሳ ቆርሳ ቀመሰችና ጉድ ነው ብላ ለባሏ እየሮጠች ወሰደችለት። እኔም በላሁ። ያቃጥል ነበር።

ቦታዬንም ማንም አልወሰደውም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፣ አበቃ። ሁለት ክረምት ሙሉ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያሳለፍነው ጊዜ ከፊተኛውም የጣመ ሆነ። ከእኔ ይልቅ የሴቶቹን ድምፅ ማስመሰል የሚያውቁበት እሳቸው ነበሩ፤ ሲት ነፊሳን ራሷን አስመስለው ሲያሳዩ ሲት ነፊሳ ሊጥ ላይ ወደቀች። አያችሁ ምን ያህል ሳቅ ከግቢያቸው ውስጥ ዘግቼበት እንደ ኖርኩ?

በየዓመቱ በኅዳር ማርያም ስለ ጢማሙ ዝክር ይዘክሩ ጀመር። ዳቦውን አብሬ አቡክቻለሁ። ቄሱ ሲባርኩ ራሴን ደፍቼ አሜን ብያለሁ። እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀጠርኩ። ድንበሩ ላይ ጦርነት ሲነሣ ሲት ነፊሳ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረች፤ እኔና እትዬ አንጓች ዶሮ በቅርጫት ተሸክመን ጭልጋ ወጣን። ያን ዳገት ስንወጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ እሳቸው ለዶሮዎቹ እየዘፈኑላቸው ነበር። ጣሊያን ለቆ ስንመለስ አልኩ፤ አዲስ ፉርኖ መሥራት ተያዝን። ልጅ ስወልድ አልኩ፤ ክርስትና አነሡልኝ። ደስታ በደስታ ላይ እየተደረበ ቀኑ ሁሉ አለቀ።

ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ። «እትዬ፣ ስለዚያ ስለ ጢማሙ...» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዙና «እሱን እንኳ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። ቀጥዬ መናገር ነበረብኝ። አልቀጠልኩም። አውቀው ኖሯል እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ፤ ለዚህም ምስክር የለኝም፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ባንድ ቃል ያልበደላቸውን ሰው ይቅር ብለው ሞቱ። የበደልኳቸው እኔ እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ከክፉ ሥራ መልካም ወጣ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኔ አልልም። መልካሙ ከእሳቸው ወጣ። ከእኔ የወጣው እነዚያ በአጥር ሥንጥቅ መንገድ እያዩ የኖሩባቸው ሁለት ክረምቶች ናቸው፤ ማንም ሊመልስላቸው አይችልም። ለእንቁላሉ አይደለም ይቅርታ የምለምነው። ለእነዚያ ሁለት ክረምቶች ነው፣ ውሃ ጠጥቼ ዝም ላልኩባትም ሰዓት።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። የዋሸሁበትን ተጸጽቻለሁ፣ ዝም ያልኩበትን ተጸጽቻለሁ። ያን ፉርኖ፣ ያን ሳቅ፣ ያን የፋሲካ ሰፌድ ግን ልጸጸትበት ሞክሬ እንቢ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህም ከጥፋቴ ጋር ይቆጠርብኝ።